ሦስት በርሜል፣ አንድ ጋሪ፦ በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ቆሻሻን ለይቶ መልሶ የመጠቀሙ ሥራ ተሰናክሏል፤ ምክራችሁን እሻለሁ

ጠመኔ (ጥያቄ አቅራቢ)፦

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

በአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ስሆን፣ ከማስተማሩ ጎን ለጎን የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን አስተባብራለሁ። በዓመቱ መጀመሪያ ክበቡ በየሕንፃው መግቢያ ሦስት ሦስት በርሜል አስቀመጠ፤ ሰማያዊው ለወረቀት፣ ቢጫው ለፕላስቲክ ጠርሙስና ለጣሳ፣ ጥቁሩ ለቀሪው ቆሻሻ። ቀለሙን የቀቡትም ጽሑፉን የጻፉትም ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዲት ብጣሽ ወረቀት በትክክለኛው በርሜል ለመጣል ሕንፃውን ዞረው የሚሄዱ ልጆች እስከማየት ደርሼ ነበር።

በሁለተኛው ወር አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ሰዓት በኋላ መጥታ «መምህር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለችኝና ከሕንፃው ጀርባ ወሰደችኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሰማያዊውን በርሜል አንስታ ጋሪው ላይ ገለበጠችው፤ ቀጥላ ቢጫውን እዚያው ላይ፤ ቀጥላም ጥቁሩን። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም፤ ጋሪውን አየች፣ መልሳ እኔን አየችኝ። በማግስቱ በሰማያዊው በርሜል ውስጥ የሙዝ ልጣጭ አገኘሁ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ሦስቱ በርሜሎች ከቀለማቸው በስተቀር የሚለያቸው ነገር ጠፋ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት ለአስተዳደሩ ደብዳቤ አርቅቄ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። ከመላኬ በፊት ግን በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ሰዎች የምትሉትን ልስማ ብዬ ነው። ሥራውን እንቀጥል ወይስ እናቁም? እንቀጥል ካልንስ ከየት እንጀምር?

ቁልፍ ያዥ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ደብዳቤውን አይላኩት።

በትምህርት ቤት የጠቅላላ አገልግሎት ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ እርስዎ የገለጹትን ትዕይንት በዓይኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በሁሉም ጊዜ የመጀመሪያዋ ተወቃሽ የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። እስቲ አስቀድመው ይጠይቁ፦ ስንት ጋሪ አላት? ወረቀቱን ለብቻው ብትወስደው የምታስቀምጥበት ደረቅ ክፍል አለ ወይ? ከዚያ ክፍልስ ማን፣ በየስንት ቀኑ ይረከበዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከሌለ ሦስቱን በርሜሎች አንድ ጋሪ ላይ መገልበጧ ጥፋት አይደለም፤ የቀረበላት አማራጭ እሱ ብቻ ነው።

ይህ ሥራ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው የሚታቀደው። መጀመሪያ ተረካቢውን ያግኙ፤ ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደማይቀበል፣ ቢያንስ ምን ያህል ኪሎ ሲሆን ለመውሰድ እንደሚመጣ በጽሑፍ ይያዙ። ቀጥሎ ዝናብ የማይገባበትና የሚቆለፍ ማከማቻ ያዘጋጁ። ከዚያ የጽዳት ሠራተኞቹን በክበቡ ስብሰባ ላይ ይጋብዙና የመሰብሰቢያውን ሰዓት ከእነሱ ጋር ይወስኑ። በርሜል ቀለም መቀባት የመጨረሻው ሥራ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች በእሱ የሚጀምሩት ለፎቶ ስለሚያምር ይመስለኛል።

ሚዛን፦

የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ መዝኑ።

የአንድን ቀን ቆሻሻ በሙሉ ሸራ ላይ ዘርግፋችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ በየዓይነቱ ከለያችሁ በኋላ እያንዳንዱን ክምር መዝኑ። በወር አንድ ጊዜ ከተደገመ ይበቃል። ባዶውን በርሜል አስቀድሞ መመዘን ግን አይረሳ፤ እኛ በመጀመሪያው ዓመት ወረቀቱን ከነበርሜሉ መዝነን አንድ ሳምንት ሙሉ በውጤታችን ስንደሰት ከቆየን በኋላ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «የበርሜሉስ ክብደት?» ብሎ ጠየቀን።

ወረቀትን በተመለከተ ሚዛን እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። ኤ0 የሚባለው የወረቀት መጠን ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር ነው፤ ኤ4 ደግሞ የዚያ 1/16ኛ ነው። በማሸጊያው ላይ 80 ግራም የሚል ጽሑፍ ሲታይ አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ይመዝናል ማለት ስለሆነ፣ አንዱ ኤ4 ወረቀት ልክ 5 ግራም፣ ባለ 500 ቅጠሉ እሽግ ደግሞ 2.5 ኪሎ ይመጣል። አሁን 600 ተማሪዎች ያሉበት ትምህርት ቤት በ8 የትምህርት ዓይነቶች ሲፈትን ለእያንዳንዱ ፈተና በአንድ በኩል ብቻ የታተሙ 2 ቅጠሎች ይሰጣል እንበል። 9,600 ቅጠል፣ 48 ኪሎ ወረቀት ይሆናል። ያንኑ ፈተና ግራና ቀኝ ቢያትሙት 24 ኪሎው ከመነሻው አይፈጠርም። ክበባችሁ በሰማያዊው በርሜል 24 ኪሎ ንጹሕ ወረቀት ለመሰብሰብ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅበት አስቡት፤ የማባዣ ክፍሉ ኃላፊ ግን በአንድ ቁልፍ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ከበርሜሉ በፊት የማባዣ ማሽኑን ጎብኙት። በአንድ በኩል ብቻ የተጻፈበትንም ወረቀት አትጣሉት፤ ጀርባው ለሒሳብ ማውጠንጠኛ ይሆናል።

ተጠራጣሪው፦

ከላይ የተጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ማንም ያላነሳውን ጥያቄ ላንሳ። ልጆቹ የተታለሉት በዚያች ጋሪ ብቻ ነው ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1970 ጌሪ አንደርሰን የተባለ የሥነ ሕንፃ ተማሪ በውድድር ላይ ያቀረበው ባለ ሦስት ቀስት ምልክት ዛሬ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪው ማኅበር ያንን በሚመስል ሦስት ማዕዘን ውስጥ ከ1 እስከ 7 ቁጥሮችን አስገብቶ በዕቃዎቹ ሥር ማተም ጀመረ። ቁጥሩ የሚናገረው ዕቃው ከምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደተሠራ ብቻ ነው። ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል የሚል ቃል አልሰጠም፤ ሸማቹ ግን እንደዚያ አድርጎ አነበበው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ብዙ ዓይነት የፕላስቲክ ቆሻሻና ያልተለየ ወረቀት ከውጭ ማስገባት ስታቆም፣ ከቀሩትም አብዛኞቹ ከ0.5 በመቶ በላይ ባዕድ ነገር እንዳይኖርባቸው ስትወስን፣ በሌሎች አገሮች በየቤቱ ተለይቶ የተሰበሰበው ብዙ ነገር ተረካቢ አጥቶ ወደ ቆሻሻ መጣያና ወደ ማቃጠያ ሄደ። ያም ጋሪ ነው፤ ከእናንተው ጋሪ የሚለየው በስፋቱ ብቻ ነው።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያልሠራችውን ማሸጊያ እንድትለይ ስናስገድዳት፣ ማሸጊያውን የሠራው አካል ከተጠያቂነት እንዲወጣ እያገዝነው እንዳይሆን እፈራለሁ። እኔ ብሆን በርሜሎቹን አንስቼ ለልጆቹ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

ለይቶ አዳሪ፦

ለተጠራጣሪው ወንድማችን ወይም እኅታችን፦ ስለ ቁጥሮቹ የጻፉት ልክ ነው። ይሁን እንጂ እኔ የምኖረው በዚሁ ሥራ ስለሆነ፣ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት አለመሆኑን ልመስክር።

የአልሙኒየም ጣሳ ቀልጦ እንደገና አልሙኒየም ሲሆን ከማዕድኑ ከመጀመር ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ገደማ ኃይል ይቆጥባል፤ ደጋግመው ቢያቀልጡትም ጥራቱን አያጣም። ብርጭቆም ደጋግመው ቢያቀልጡት ጥራቱን አያጣም። ወረቀት ግን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ከተመላለሰ በኋላ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክሮች እያጠሩ ስለሚሄዱ መያያዝ ያቅታቸዋል። ከፕላስቲኮቹ ተረካቢ በቀላሉ የሚገኘው በአብዛኛው ለቁጥር 1 እና ለቁጥር 2 ነው፤ ይኸውም ለውኃና ለለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እንዲሁም ለፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስና ለጀሪካን። የተቀረውን፣ በተለይም ስስ ፌስታልንና የብስኩት መጠቅለያን፣ «ይወሰዳል» ብሎ በርሜል ላይ መጻፍ ውሸት ነው።

ከአንድ ትምህርት ቤት የመጣ ከረጢት ስንፈታ ያጋጠመንን ልንገራችሁ። ላዩ በሥርዓት የተደረደረ ደብተር ነበር። እጃችንን ወደ መሃሉ ስንሰድ ረጠበን። ከታች ክዳኑ ያልጠበቀ፣ ግማሹ ጭማቂ የነበረ ጠርሙስ ፈሶ ደብተሮቹን አጣብቋቸዋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለደረሰን ሻግተው ቅጠላቸው አልገለጥ ብሏል። ከዚያ ከረጢት ያተረፍነው የላይኛውን ሲሶ ብቻ ነው። እዚያ ሁሉ ልጅ የደከመበትን ያበላሸው አንድ ጠርሙስ ነው። ሰማያዊው በርሜል አፉ ሰፊ ከሆነ ማንም ማንኛውንም ነገር ይጥልበታል፤ ክዳን አድርጉለትና በክዳኑ ላይ ወረቀት ብቻ የምታስገባ ቀጭን ስንጥቅ አውጡለት። ቢጫው ላይ ደግሞ ጠርሙስ የሚያክል ክብ ቀዳዳ ይበቃል። ይህች ክዳን ከአሥር ማስታወቂያ ትበልጣለች።

የስቴፕለር ሽቦ ለመንቀል አትድከሙ፤ ወረቀቱ በውኃ ተዘፍዝፎ እንደ ሊጥ ሲሆን ሽቦው በማጣሪያ ተለይቶ ይወጣል። የደብተር ፕላስቲክ ጥምዝና ሽፋን ግን ይነቀል። ያገለገለ ሶፍት፣ ዘይት የነካው ካርቶንና ውስጡ በፕላስቲክ የተለበጠ የወረቀት ኩባያ ወደ ወረቀቱ አይግቡ። ያገለገለ ባትሪና የተቃጠለ ረጅም አምፖል ለብቻቸው ይቀመጡ፤ አምፖሉ ውስጥ ሜርኩሪ ስላለ በልጆች እጅ እንዳይሰበር አደራ። ቦታ ጠበበ ብላችሁም ፕላስቲክ በግቢ ውስጥ አታቃጥሉ።

ወላጅ፦

ከወላጅ ወገን አንድ ቅሬታ ላቅርብ፤ ከእናንተ ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ አይደለም።

ልጄ በሚማርበት ቦታ ብዙ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላመጣ ክፍል ሽልማት ተዘጋጀ። ልጄ በየቀኑ ከቤት የሚይዛትን ኮዳ ትቶ የታሸገ ውኃ እንድገዛለት መለመን ጀመረ፤ ምክንያቱን ስጠይቀው «ክፍላችን በአሥራ ሁለት ጠርሙስ ተበልጧል» አለኝ። አንድ ቀን ማታ ውኃውን ሳይጠጣው እቃ ማጠቢያው ውስጥ ሲደፋው ደረስኩበት። ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም፤ የተነገረውን በትክክል ነው የፈጸመው።

እባካችሁ ውድድር የምታዘጋጁ ከሆነ ትንሽ ቆሻሻ ላወጣ ክፍል ይሁን።

ውኃ ልክ፦

ውይይቱ ስለ ቆሻሻ ብቻ ሆነ፤ በትምህርት ቤት ግን ከበርሜሉ ይልቅ በቧንቧው በኩል የሚባክነው ሊበልጥ ይችላል። ሀብት ቁጠባ ካልን እሱም ይታሰብ።

ከተማሪዎቼ ጋር ያደረግነው ቀላል ነው። ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ አስቀምጠን ሰዓት ያዝን፤ በ20 ደቂቃ ሞላ። ይህ በሰዓት 1.5 ሊትር፣ በቀን 36 ሊትር፣ በዓመት ከ13,000 ሊትር በላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ቢዘጋም ቧንቧው አይዘጋምና። መንስኤው ያለቀ ጎሚኒ ነበር፤ የጥገና ሠራተኛው ቧንቧውን ፈቶ ሲያሳያቸው ልጆቹ ያቺን የጣት ጫፍ የማታክል ጎማ እየተቀባበሉ አዩዋት።

የተደበቀውን ለማግኘት ደግሞ ማታ ግቢው ከተዘጋ በኋላ የውኃ ቆጣሪውን ያንብቡ፣ ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት መልሰው ያንብቡ። ማንም ውኃ ባልተጠቀመበት ሌሊት ቁጥሩ ከተለወጠ ልዩነቱ በየት እንደሚወጣ መፈለግ ነው። ብዙውን ጊዜ ተጠርጣሪው የመጸዳጃ ቤቱ የውኃ ሳጥን ነው፤ ጥቂት የምግብ ቀለም ሳጥኑ ውስጥ ጨምረው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ማንም ውኃ ሳይለቅ ቀለሙ ከታች ከታየ ያፈሳል ማለት ነው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ይህንን መርማሪ ፖሊስ እንደሆኑ ቆጥረው ነው የሚሠሩት።

ስለ መብራት ብዙ አልጽፍም፤ በመስኮት በኩል ያለው ረድፍ ለብቻው የሚጠፋ ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ምልክት ይደረግበት፣ ቀን ቀን እሱ ይጥፋ።

ጓሮ፦

የሙዝ ልጣጩን እኔ ልውሰደው።

ከምግብ የተረፈው እርጥብ ነገር ከወረቀቱ ካልተለየ ወረቀቱ አይተርፍም፤ ስለዚህ ኮምፖስት ማዘጋጀት የወረቀቱም ሥራ አካል ነው። ከዚህም በላይ እርጥቡ ቆሻሻ ተቆልሎ አየር ሲያጣ ሚቴን ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ ሙቀትን በማፈን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ይበልጣል። አየር ካገኘ ግን አፈር ይሆናል። ለአንድ እጅ እርጥብ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል እየደረባችሁ፣ በየሳምንቱ እያገላበጣችሁ፣ እንደተጨመቀ ስፖንጅ እንዲርስ ብቻ አድርጉ። ከሸተተ ውኃ በዝቶበታል፤ ደረቅ ጨምሩ። ሥጋና ዘይት አታስገቡ፣ አይጥ ይጠራል። በደንብ ከሠራ መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ጠዋት ሲያገላብጡት እንፋሎቱን ያየ ልጅ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

ጠመኔ (ጥያቄ አቅራቢ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ቀድጄዋለሁ፤ ጀርባው ባዶ ስለነበር መቅደዴም ስሕተት እንደሆነ ሚዛን ሳይነግሩኝ አይቀሩም።

ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ሦስት ሕንፃዎችን ለብቻዋ ታጸዳለች፤ ጋሪዋ አንድ ነው፤ ከተማሪዎቹ መውጣት እስከ በሩ መዘጋት ያላት ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም። ቀለሞቹ ለምን እንደተቀቡ የነገራት ሰው እንደነበረ ስጠይቃት «ለውበት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። በክበቡ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የአርባ ልጆች ስም አለ፤ የእሷ ስም የለም። ያን ስመለከት የተሰማኝን እፍረት እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

ለተጠራጣሪው፦ ለልጆቹ እውነቱን ይንገሯቸው ያሉትን ተቀብያለሁ፤ በርሜሎቹን ሁሉ ያንሱ ያሉትን ግን አልተቀበልኩም። ስለ ቁጥሮቹ የጻፉትን በክበቡ ስብሰባ ላይ አነበብኩላቸው። ልጆቹ የየራሳቸውን ኮዳና ጠርሙስ ገልብጠው ቁጥሩን ሲፈልጉ ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ ብሎ ነበር። አንዱ ግን የብስኩት መጠቅለያውን አገላብጦ ምንም ቁጥር በማጣቱ «ይሄኛውስ አባቱ ማን ነው?» አለ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፦

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔም አንድ ነገር ልጨምር። የእርስዎ ተማሪ አይደለሁም፤ በእኛም ትምህርት ቤት ግን ይኸው ነገር ደርሷል።

እኛ ያቆምነው በርሜሉ ሩቅ ስለሆነ ነበር። በአምስት ደቂቃ እረፍት መግቢያው ድረስ ሄዶ መመለስ አይቻልም። አሁን በየክፍሉ በመምህሩ ጠረጴዛ አጠገብ የካርቶን ሳጥን አለ፤ አንድ በኩሉ ያልተጻፈበት ወረቀት ለብቻው፣ ሁለቱም በኩል ያለቀ ለብቻው። ዓርብ ዓርብ ተረኛው ልጅ ወደ ማከማቻው ያደርሳል። ሌላው ደግሞ፣ በድፍረት አይቁጠሩብኝ፣ መምህራን በሚሰበሰቡበት ክፍል የነበረው ቅርጫት አንድ ብቻ ነበር። ልጆች ያዩታል።

ተጠራጣሪው፦

የልጁ ወይም የልጅቷ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ይበልጣል። መምህር ጠመኔ፣ ተረካቢ የሌለውን በርሜል ካነሱና ያነሱበትን ምክንያት በግልጽ ከጻፉ እኔም ከዚህ በላይ አልከራከርም። ውጤቱን ግን መልሰው እንዲነግሩን እጠይቃለሁ፤ እንዲህ ያሉ ውይይቶች አብዛኛውን ጊዜ በ«እንሞክራለን» ያልቃሉ።

ጠመኔ (ጥያቄ አቅራቢ)፦

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ቢጫውን በርሜል ከሦስቱም ሕንፃዎች አንስተናል፤ በአቅራቢያችን ያገኘነው ተረካቢ የሚወስደው ወረቀትና ጣሳ ብቻ ስለሆነ ነው። በነበረበት ቦታ ላይ ልጆቹ ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ ለጥፈዋል። ለጣሳው አንድ ከረጢት ማከማቻው ውስጥ ተሰቅሏል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ሰማያዊው ባለ ስንጥቅ ክዳን ተገጥሞለታል፤ የክፍል ሳጥኖቹም ወጥተዋል፣ የመምህራን ክፍልንም ጨምሮ። የአንዱን ቀን ቆሻሻ ሸራ ላይ ዘርግፈን ስንመዝን ከግማሽ በላይ የሆነው ወረቀት ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ የታተመ የመልመጃ ወረቀት። የማባዣ ክፍሉ ኃላፊ ያንን ክምር እንዲያዩት ጋበዝናቸው፤ ምንም ሳንላቸው ከማግስቱ ጀምሮ ግራና ቀኝ ያትማሉ።

ወረቀቱን ከሕንፃዎቹ ወደ ማከማቻው የሚያደርሱት ተረኛ ተማሪዎች ስለሆኑ የጽዳት ሠራተኛዋ ጋሪ ቀልሏል። የማከማቻው ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በእሷ እጅ፣ ሌላው ከሕንፃው ጀርባ በወሰደችኝ ተማሪ እጅ። ኮምፖስቱ ግን ገና አልተሳካልንም፤ ሁለት ጊዜ ሸቷል፣ አንድ ጊዜም ጎረቤት ክፍል አማርሯል። ጓሮ እንዳሉት ደረቅ ቅጠል እየጨመርንበት ነው። የቧንቧ ምርመራውን በሚቀጥለው ወር እንጀምራለን።

ሚዛን፦

መልካም ነው። ባዶውን በርሜል መዝናችኋል?

ጠመኔ (ጥያቄ አቅራቢ)፦

መዝነናል። 3 ኪሎ ተኩል ነው፤ ልጆቹ በበርሜሉ ጎን ላይ በነጭ ቀለም ጽፈውታል።